የአደራ ወረቀት

ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ እናቱን የሚሸኝ ሰው ታክሲው በር ላይ ቆሞ ለረዳቱ አንዲት ቃል ይናገራል። «ወንድሜ፣ አየር ጤና ስትደርሱ የሜክሲኮው ታክሲ ላይ አሳፍርልኝ፤ አደራ!» ይላል። ረዳቱ የያዘውን ብር እየቆጠረ አንገቱን ይነቀንቃል። ነገሩ የተረሳ ይመስላል፤ ግን አይረሳም። አየር ጤና ሲደርሱ ያው ረዳት ለሌላ ረዳት «እኚህን እናት ሜክሲኮ አውርዳቸው፤ አደራ ናቸው» ብሎ ያስረክባል። እንዲህ እየተባለ፣ ታፔላ ማንበብ የማትችል እናት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ ከዘመዷ ቤት ትገባለች።

ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚጀምረው ከዚህችው ከሰበታ ነው። ከተማችንም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። የእኛ የዕለት መንገድ ግን ያው ታክሲና ያው አደራ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የምመላለስ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ስንኝ እቆጥራለሁ።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ግን ስለ ታክሲ አይደለም። እናቴ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከሰበታ ተነሥታ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ እስክትደርስ ስለሆነው ነገር ነው። በተለይም ከአንዱ አውሮፕላን ወርዳ ሌላውን ለመያዝ ስለተሰጣት ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ።

የጉዞው ምክንያት ደስታ ነበር። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። ዘመድ በሩቅ ነው። ገንፎ የሚያገነፋ፣ አራስ የሚያሞቅ፣ ሕፃን የሚያጥብ እጅ በዶላር አይገዛም። ስለዚህ እናቴ መሄድ ነበረባት። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ አውሮፕላን ይኬዳል፤ ዴንቨር ለመድረስ ግን ዱለስ ላይ ወርዶ ሌላ መያዝ ግድ ነው።

ትኬቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሁለት አማራጭ ቀርቦ ነበር። አንደኛው ዱለስ ላይ ስድስት ሰዓት ያስጠብቃል። ሁለተኛው የሚሰጠው ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ዋጋው በ180 ዶላር ያንሳል። እህቴ በስልክ «ይበቃታል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ የቆጠረውን ገንዘብ በሚያውቅ ሰው እርግጠኝነት «ይበቃታል» አልኋት። ለየአውሮፕላን ማረፊያው የተወሰነ አነስተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ እንዳለ፣ አየር መንገዶችም ከዚያ ያነሰ የተያያዘ ትኬት እንደማይሸጡ አንብቤ ነበር። ሳላስብ የቀረሁት ያ ጊዜ የሚሰላው ምልክቱን እያነበበ ለሚራመድ ሰው መሆኑን ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። የአማርኛውንም ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነገሩን በዝርዝር አጠናሁት። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ተብሎ ቢለጠፍበትም እንኳ፣ መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ ሁሉንም ጉዳይ መጨረስ አለበት። ኢሚግሬሽን ቀርቦ አሻራ መስጠት፣ ሻንጣን ማንሣት፣ በጉምሩክ ማለፍ፣ ሻንጣውን መልሶ ማስረከብ፣ እንደገና መፈተሽ፣ በባቡር ወደ ሌላው ሕንፃ መሻገር፣ በመጨረሻም በሩን ማግኘት። በወረቀት ላይ ጽፌ ቆጠርኋቸው፤ ሰባት ሆኑ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መፍትሔውን የነገሩኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። «ዊልቸር እዘዝላት» አሉኝ። የማያውቅ ሰው ይገረም ይሆናል እንጂ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ አውሮፕላን መግቢያ በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው በዊልቸር የተደረደሩትን እናቶች ያየ ያውቃል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በማግስቱ ቆመው ዶሮ ወጥ የሚሠሩ ናቸው። መንገድ ላይ የሚያስቸግራቸው እግራቸው ሳይሆን ቋንቋቸው ነው። በኋላ እንደተረዳሁት አየር መንገዶች ለዚህ አገልግሎት ባለ አራት ፊደል ምልክቶች አሏቸው። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ደረጃ ወጥቶ መውረድ ለሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን ለሚከብደው ነው፤ «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ ለማይወጣ፣ «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ደግሞ ጨርሶ ለማይራመድ። ከእነዚህ ሌላ፣ መራመድ ለሚችል ነገር ግን መሪ ለሚያስፈልገው ሰው፣ ተቀብሎ የመምራት አገልግሎት የሚጠየቅበት ምልክት አለ። እኔ ያኔ ይህን ስላላወቅሁ የመጀመሪያውን አስሞላሁ። እናቴንም አልጠየቅኋትም።

ስነግራት ምጣድ ታሰስ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ከወጨጫ እንጨት ተሸክሜ እየወረድኩ ነው ያሳደግኳችሁ። አሁን እግር እያለኝ በሰው ልገፋ?»

«እማዬ፣ ለቋንቋው ብዬ ነው እኮ።»

«ቋንቋ ያጣ ሰው ሽባ ነኝ ይላል እንዴ? ደግሞስ የእውነት መሄድ ያቃተው ሰው በእኔ ምክንያት ወንበሩን ቢያጣ ማን ይጠየቅበታል?»

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። ዝም አልሁ። ትእዛዙን ግን አልሰረዝሁም።

በዚያው ሳምንት የስንብት ግጥም ልጽፍላት ተቀምጬ ነበር። ሁለት ስንኝ ጻፍሁና ሰረዝሁ፤ ሌላ ሁለት ጻፍሁና ሰረዝሁ። ስለ መለያየት የሚጽፍ ሁሉ ቀድሞኝ የተናገረው ይመስለኝ ጀመር። በመጨረሻ ግጥሙን ትቼ በደማቅ እስክሪብቶ አምስት መስመር እንግሊዝኛ ጻፍሁ። ስሟን፣ የምትሄድበትን ከተማ፣ የሁለተኛውን በረራ ቁጥርና ሰዓት፣ እንግሊዝኛ እንደማትችል፣ የእህቴን ስልክ። ከሥር ባዶ ቦታ ቀረ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ የታክሲው ልማድ ሳይሆን አይቀርም። በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጨመርሁበት፦ «ይህን ማንበብ የምትችል ወገኔ፣ ይህች እናቴ ናት። አደራ።» በላስቲክ አሳሸግሁትና በሹራቧ ኪስ ከተትሁላት።

ቦሌ ማስፋፊያው በጥር 2011 ዓ.ም. ተመርቆ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለማስተናገድ ሰፍቷል። ሸኚ ግን ከውጭ ይቀራል። እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ ውጭ ቆመን ተሳሳምን። እናቴ ሻንጣዋን የሚገፋውን ልጅ ተከትላ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም። «ከዞርኩ አልሄድም ነበር» ብላኛለች በኋላ።

አውሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ዱለስ የሚደርሰው በነጋታው፣ በእነሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ነበር። የዴንቨሩ አውሮፕላን የሚነሣው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከሩብ ነው።

በዚያን ቀን መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ገንዘብ ስከፍልና ስቀበል ዋልሁ። 10 ሰዓት ከ10 ሆነ። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ሰርቄ አየሁ፤ አውሮፕላኑ ገና በሰማይ ነው። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከፊት ገጥሞታል። 10 ሰዓት ከ35 ላይ አረፈ። ሁለት ሰዓት ከአምስት የነበረው አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር አልነበረም። የእናቴ ስልክ እዚያ አይሠራም። የቀኑን ሒሳብ ስዘጋ አንድ ባለ 200 ብር ጎደለኝ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ጎደለ። ሦስተኛ ስቆጥር ከሌላ ብር ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኔ ብሩን ያያል፤ ልቤ ግን አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት በማያልቅ ኮሪደር ውስጥ ብቻዋን ቆማ ያያል። 180 ዶላር በብር ስንት እንደሚሆን አሰላሁ። እናትን ማደሪያ በሌለበት አውሮፕላን ማረፊያ ለማሳደር ምን ያህል ርካሽ እንደሆነም አሰብሁ።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝሁ። 12 ሰዓት ሲሆን አየር ጤና ለሰበታ ታክሲ ተሰልፌ ነበር። እዚያ የአውሮፕላኑ በር የሚዘጋው ከመነሻው 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በሩ የተዘጋው አሁን ነው ብዬ ሰልፉ መካከል ቆምሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው «ወንድም፣ ተራመድ እንጂ» አለኝ። በ12 ሰዓት ከ8 የእህቴ የድምፅ መልእክት ገባ። የምታለቅስ ትመስል ነበር። «ገብታለች። አንድ ሰውዬ ደውለው ነገሩኝ። ገብታለች» ትላለች።

ዝርዝሩን ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ ራሷ በቴሌግራም ነገረችኝ። እነሆ፣ በተቻለኝ መጠን እንዳለችው አቀርበዋለሁ።

ቦሌ ላይ ዊልቸሩ ሲመጣላት ቦርሳዋን አስቀምጣበት እሷ ከጎኑ ተራምዳለች። ልጅቱም ስቃ ተስማምታለች። ዱለስ ላይ ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ከአውሮፕላኑ ስትወጣ ስሟ የተጻፈበት ዝርዝር የያዙ፣ ጠጉራቸው የነጣ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰው ዊልቸር ይዘው ቆመዋል። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። «እንግሊዝኛውን አላዩትም» አለችኝ፤ «ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ከታች ወረደ።»

አንብበው ሲጨርሱ፣ «አደራውን ተቀብያለሁ፤ ይቀመጡ እህቴ» አሏት።

«አንቱ እየገፉ እኔ ልቀመጥ? ነውር አይደለም ወይ?»

«ነውር የለውም። አገር ቤት ሳለሁ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ እንጀራዬ ይህ ነው። እርስዎ ካልተቀመጡ አለቃዬ የሚያየው ባዶ ወንበር ስገፋ ነው። ሰልፉንም ቶሎ የምናልፈው ወንበሩ ላይ ሰው ሲኖር ነው።»

«ተቀመጥኩ» አለችኝ እናቴ። «ለእግሬ ብዬ አይደለም፤ ለእንጀራቸው ብዬ ነው።»

ከአውሮፕላኑ ወደ ዋናው ሕንፃ የወሰዳቸውን ነገር «ቤት በጎማ ሲሄድ አየሁ» ብላ ነው የገለጸችው። እውነቷን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የነደፈው ኤሮ ሳሪነን፣ መንገደኛ በረጅም ኮሪደር እንዳይደክም አስቦ፣ ሰው ተቀምጦ የሚጓጓዝበትን ይህን ተሽከርካሪ አዳራሽ አመጣ። ስለ መንገደኛ እግር ያሰበ ሰው ከእኔ በፊት ነበረ ማለት ነው።

ኢሚግሬሽን ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ማሽኑ አላነበበውም። ደገመች፤ አሁንም እምቢ አለ። ይህን ስትነግረኝ አልገረመኝም። እኔም በመስኮቴ በኩል የምጣድ እሳትና የልብስ ሳሙና የበላውን የእናቶች አውራ ጣት በቀለም እየነከርሁ በየቀኑ አስፈርማለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሰውየው መሐረባቸውን አውጥተው ጣቷን አንድ በአንድ ጠረጉላት። በአምስተኛው ሙከራ አነበበ። መኮንኑ ለምን እንደመጣች ሲጠይቅ እሳቸው ተረጎሙ። «ልጄን ላርስ» አለች። መኮንኑ ፈገግ ብሎ ማኅተሙን መታ።

ጉምሩክ ከመድረሳቸው በፊት ሰውየው ጎንበስ ብለው «ሥጋ ነክ ነገር ይዘዋል?» ብለው ጠየቋት። እህቴ ቋንጣ እንዳታመጣ በስልክ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃት ነበር። ለእኔ «አልያዝኩም» ብላኛለች። ለአራስ ብላ በበሶው ከረጢት ውስጥ ትንሽ ሸጉጣ ኖሯል። «አደራ ለተቀበለ ሰው እንዴት ብዬ ልዋሽ?» አለችኝ። አመነች። ቋንጣው ተወሰደ። አስቀድማ ስለተናገረች ግን ቅጣት አልደረሰባትም፤ ሽሮውና በርበሬውም ተመለሰላት። በዚህ ሁሉ መሐል ሃያ ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ነው። ሻንጣው ተረከበ። ፍተሻው ታለፈ። በባቡሩ ተሻገሩ። ዳገታማው መተላለፊያ ላይ ሰውየው ሲያለከልኩ ሰማች፤ ላባቸው በአንገታቸው ሲወርድም አየች። «ልውረድ» አለች። «አሁን ከወረዱ አደራዬን አፈረሱብኝ» አሏት። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ገብቶ አልቋል። ለበሩ ሠራተኛ ወረቀቱን ሰጧትና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቱ ወረቀቱን አየች፤ እናቴን አየች፤ እጇን ይዛ አስገባቻት። ልክ እንደ አየር ጤናው ረዳት።

እናቴ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ በሁለት እጇ ዘግና ሰጥታቸዋለች። ስማቸውን ግን አልጠየቀችም። ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካንን ሕግ ፈልጌ አነበብሁ። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት እርዳታ ለጠየቀ መንገደኛ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ መንገደኛውን ያመጣው አየር መንገድም እስከሚቀጥለው በረራ በር ድረስ የማድረስ ኃላፊነት አለበት። አደራ የምትለው ቃል በሕጉ ውስጥ የለችም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ያመጣ ያስረክባል። ሆኖም መሐረብ አውጥቶ የእናትን ጣት መጥረግ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ሳወራ ሁሉም «እንኳን ደረሰች!» ይላሉ። እኔም እላለሁ። አንድ ነገር ግን ውስጤን ይቆረቁረኛል። ያተረፍሁት 180 ዶላር ትርፍ አልነበረም። ሒሳቡ ተከፍሏል፤ የከፈሉት በማላውቃቸው አንድ አዛውንት እግርና ላብ ነው። ስድስት ሰዓት የሚያስጠብቀውን ትኬት ብገዛ ኖሮ እሳቸው እየተራመዱ፣ ምናልባትም ስለ አገር ቤት እያወጉ ያደርሷት ነበር። የባንክ ሰው ነኝና አንድ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለው ከየትኛው ኪስ እንደሞላ መጠየቅ ነበረብኝ።

እናቴ ስለ ዊልቸሩ የነበራት ክርክርም አልተፈታም። አሁንም ቢሆን የእውነት መሄድ ያቃተው ሰው እንዳይቸገር ትፈራለች። የተማረችው ነገር ቢኖር ሌላ ነው። «መገፋትም ሥራ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም።»

ከአምስት ወር በኋላ፣ የልጅ ልጇን ስማና አሳድጋ ተመለሰች። የመልሱን ጉዞ ስናዘጋጅ ሰፊ ጊዜ ያለው እንዲሆን አደረግሁ። ዊልቸሩን ግን ራሷ ጠየቀችኝ። «እዘዝልኝ፤ ምናልባት እኚያን ሰው ባገኛቸው» አለች። አላገኘቻቸውም። የገፋቻት ሌላ አገር የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ቋንቋ ባይገናኙም ዳቦ ቆሎውን ተካፍለው በሉ።

ቦሌ ልቀበላት ስሄድ መጀመሪያ የሰጠችኝ ወረቀቱን ነበር። ላስቲኩ ጠርዙ ላይ ተላጧል። «ያዘው፤ ለሌላ እናት ይሆናል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሁለት ጎረቤቶቻችን ገልብጬዋለሁ፤ አንዷ ወደ ሚኒያፖሊስ፣ አንዷ ወደ ዳላስ ሄደዋል። ስሙንና የበረራውን ቁጥር እለውጣለሁ። የታችኛዋን መስመር ግን እንዳለች እተዋታለሁ።